የውሻ አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት፦ ስለ ታይሮይድ ካንሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውሻ አንገቱ ሥር ሲያብጥ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያማክረው ሐኪም ሳይሆን ጎረቤት ነው። ጎረቤትም የሚናገረው ስለ ሰው አንገት የሚያውቀውን ነው። እንቅርት አይቷል፣ ንፍፊት አይቷል፣ ታይሮይዷን (ሆርሞን የሚያመነጨውን የአንገት እጢ) ኦፕሬሽን ተደርጋ ዛሬ ደህና የሆነች ዘመድ አለችው። ምክሩ ከልብ ነው፤ ነገር ግን የሰው ታይሮይድ ላይ ልክ የሚሆነው ግምት ውሻ ላይ ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል። ከዚህ በታች ያሉት አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ውሻ አሳዳጊዎች ደጋግመው የሚሏቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን ከእኛው ከባለሙያዎቹ አፍም ትሰማላችሁ።

«እንቅርት ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ስጡት»

ግምቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በደጋው አገራችን አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው፤ ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር በሕግ የታዘዘውም ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ በሰው ታይሮይድ ላይ ከሚገኙት እባጮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። ስለዚህ ሰው ላይ ሲሆን «እንቅርት ነው» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳካለታል።

ውሻ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የታይሮይድ ካንሰር በውሻ ላይ ብርቅ ነው፤ ውሻ ከሚይዙት የእባጭ በሽታዎች ሁሉ ድርሻው ከ1 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው። ሆኖም በአዋቂ ውሻ አንገት ላይ በእጅ ተዳስሶ የተገኘው እብጠት ከታይሮይድ መነሣቱ አንዴ ከተረጋገጠ፣ ከ10 ውስጥ 9 ያህሉ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ካንሰር ያልሆነው ዓይነት፣ አዴኖማ የሚባለው፣ በአብዛኛው በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሻው በሕይወት ሳለ አይታወቅም። በሌላ ምክንያት ሞቶ አስከሬኑ ሲመረመር ወይም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲታይ ነው ድንገት የሚገኘው። ጤነኛ የውሻ ታይሮይድ በእጅ አይገኝም። ሁለቱ ክፍሎች ከማንቁርት ዝቅ ብለው፣ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ፣ በጡንቻ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። በእጅ ከተዳሰሰ ከመጠኑ አልፎ አድጓል ማለት ነው።

ውሻ በአዮዲን እጥረት እንቅርት ፈጽሞ አይዘውም ማለቴ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ሥጋ ብቻ በልቶ የኖረ ውሻ ወይም እናቱ አዮዲን ያጠራት ቡችላ ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ ግን የሚያብጠው ብዙውን ጊዜ በሁለቱም በኩል ተመሳስሎ ነው። የ10 ዓመት ውሻ በአንድ ወገን ብቻ ጠንካራ ነገር ሲያበቅል ጨው መጨመር ወራትን ከማባከን ሌላ ፋይዳ የለውም። እንዲያውም ተጨማሪ አዮዲን ኋላ በጨረራማ አዮዲን (የታይሮይድ ሴሎች ሲሰበስቡት በጨረሩ የሚገድላቸው አዮዲን) ለማከም ቢታሰብ ሕክምናውን ያደናቅፋል።

«ሲነኩት አያመውም፣ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ክፉ ነገር አይደለም»

የታይሮይድ ካንሰር ሲጀምር አያምም። ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፣ በር ላይ ይጮኻል። ብዙዎቹ የሚገኙትም ባለቤቱ ማሰሪያ ሲያስር ወይም ሲያጥበው እጁ ስለነካቸው ነው።

መንሸራተቱ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ሰው የሚሰጠው ትርጉም ግን አይደለም። ከሥሩ ካሉት ጡንቻዎች፣ ከአየር ቧንቧው እና ከደም ሥሮቹ ጋር ያልተጣበቀ መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የመውጣት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ደረጃ ተገኝተው እብጠቱ በደንብ የወጣላቸው ውሾች ሦስት ዓመት እና ከዚያ በላይ መኖራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ የሚንሸራተት እብጠት ዛሬ ነገ ሳይባል መመርመር ያለበት እንጂ «ይቆይ» የሚባል አይደለም። ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ በኋላ የሚመጣ ውሻ ብዙ ምርጫ አይኖረውም።

መጠኑም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ቆየት ያሉ የአስከሬን ምርመራ ጥናቶች እንዳሳዩት ወደ 20 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር፣ ማለትም የእኛን አገር ሎሚ የሚያህል መጠን ካለፈ በኋላ ወደ ሌላ አካል የመዛመት ዕድሉ በእጅጉ ያሻቅባል። በሁለቱም ወገን መውጣቱም እንዲሁ ዕድሉን ያብሳል።

«አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ ታይሮይድ ነው»

አይደለም፤ ከዚህ በፊት የተነገረው ያስፈራው ሰው እዚህ ትንሽ ይተንፍስ። በንክሻ የተነሣ መግል፣ ከምራቅ እጢ የፈሰሰ ፈሳሽ የቋጠረው ለስላሳ እብጠት፣ የሞራ እባጭ፣ በጥርስ ወይም በጆሮ በሽታ ያበጠ ንፍፊት፣ ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር፣ ሁሉም አንገት ላይ ይታያሉ። ከአንገት ትልቁ የደም ቧንቧ አጠገብ ካለው፣ ካሮቲድ ቦዲ ከሚባለው ትንሽ አካል የሚበቅል እባጭም አለ፤ እሱን ከታይሮይድ ለመለየት ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ ምስል ያስፈልገዋል። አልትራሳውንድ በዚህ ረገድ ርካሽና ጥሩ ፈራጅ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ለእኛ አገር ከካንሰሩ በፊት የሚመጣ ነውና። ትልቅ የታይሮይድ እብጠት የማንቁርትን ነርቭ ሲጫን የውሻው ድምፅ ይሻክራል፣ መዋጥ ያስቸግረዋል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል። የእብድ ውሻ በሽታም እነዚሁን ምልክቶች ያሳያል። ክትባቱ ያልተረጋገጠ ውሻ ድምፁ ተለውጦ መዋጥ ካቃተው፣ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ሕይወት ያስከፍላል። ለይቶ አስሮ ሐኪም መጥራት ነው።

«የደም ምርመራው ደህና ነው ብሏል፤ ካንሰር የለም»

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ከፍሎ፣ ውጤት በወረቀት ይዞ ስለሚሄድ አርፎ ይተኛል።

የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ የሚለካው እጢው የሚያመነጨውን እንጂ በውስጡ ያደገውን አይደለም። የታይሮይድ ካንሰር ካለባቸው ውሾች ከግማሽ የሚበልጡት የሆርሞናቸው መጠን ፍጹም ጤናማ ነው። ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ዝቅ ይልባቸዋል። ከፍ የሚልባቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ናቸው። ዝቅ ማለቱም ቢሆን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ወይም ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል፣ ለማሳከክ ስቴሮይድ የሚወስድ ውሻ ታይሮይዱ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል።

ከፍ ማለቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ድመት ሲያረጅ ሆርሞኑ ከፍ ቢል የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነ እባጭ ነው። ውሻ እየበላ ከከሳ፣ ውሃ ካበዛ፣ ዕረፍት ካጣ እና ሆርሞኑ ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ የታይሮይድ ካንሰርን ሳይፈልግ ማለፍ የለበትም። እብጠቱ ላይ የልብ ምት መፍጠንና የደም ግፊት ሲጨመርበት፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ውሻው ምን ይበላል? ከሥጋ ቤት የከብት ጉሮሮ እየመጣለት ጥሬውን የሚበላ ውሻ፣ በጉሮሮው ላይ ተጣብቆ የቀረውን የከብት ታይሮይድ አብሮ ይውጠዋል። የከብቱ ሆርሞን የውሻውን ደም ሞልቶ የሆርሞን መብዛት በሽታ ያስመስላል። እንዲህ ዓይነት ውሻ አንገቱ ላይ እብጠት አይገኝበትም፤ ጉሮሮ መብላቱ ሲቆም ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ጥሬ ሥጋ መመገብ ፋሽን ከሆነ ወዲህ ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው፤ እኛ አገር ትርፍራፊ ለውሻ ማምጣት ፋሽን ሳይሆን ልማድ ስለሆነ ጥያቄው ለእኛ ይበልጥ ይገባል።

«መርፌ ከነካው ይሰራጫል» እና «መርፌው ሁሉን ይናገራል»

ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ናቸው፤ አንዳንዴ ከአንድ ሰው አፍ ይወጣሉ።

በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ፣ በየሆስፒታሉ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው፣ ካንሰሩን በሰውነት ይበትናል የሚለው ስጋት በታይሮይድ ላይ ሲከሰት ብዙም አይታይም። ትክክለኛው ስጋት ደም ነው። የታይሮይድ ካንሰር ደም ሥር የበዛበት ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም መርፌ እና በኃይል መምጠጥ አይመከርም። ቀጭን መርፌ ተመርጦ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ፣ ከተቻለም ሳይመጠጥ ይወሰዳል፤ ከዚያ ቦታውን ለደቂቃዎች ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ቆዳን በስቶ በሚገባ ወፍራም መርፌ ሥጋ ቆርጦ ማውጣት ወይም እብጠቱን በምላጭ ከፍቶ ቁራጭ መውሰድ ግን ከባድ መድማት ሊያስከትል ስለሚችል፣ አብዛኞቹ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ይሸሹታል። የሚንሸራተት እብጠት ከሆነ ሙሉውን አውጥቶ መመርመር ይሻላል።

መርፌው የሚናገረውስ? ብዙ ጊዜ ደም ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሴል ይዞ ሲመጣ «ይህ ከታይሮይድ የመጣ ነው» ለማለት ይረዳል፤ መግል ወይም ሊምፎማ አለመሆኑን ያጣራል። ካንሰር መሆን አለመሆኑን ግን በእርግጠኝነት አይለይም። የውሻ የታይሮይድ ካንሰር ሴሎች ሲታዩ ጨዋ ናቸው፤ አደገኛነታቸው የሚታወቀው የእባጩን ሽፋን እና የደም ሥሮቹን ግድግዳ ጥሰው መግባታቸው በተቆረጠ ሥጋ ላይ ሲታይ ነው። በመርፌ የወጣ የተበታተነ ሴል ይህን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ «ካንሰር አልተገኘም» የሚል የመርፌ ውጤት የያዘ ባለቤት ደስታውን ትንሽ ያቆየው።

«የታይሮይድ ካንሰር ያው የታይሮይድ ካንሰር ነው»

ብርቅ የሆኑት ዓይነቶች ሳይታወቁ የሚታለፉት እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ሰው ላይ በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ብዙዎች የሚድኑበት ነው። «የታይሮይድ ካንሰር ቀላል ነው» የሚባለው ወሬ የተወለደው ከእሱ ነው። ውሻ ላይ ፓፒላሪ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። በብዛት የሚገኙት ፎሊኩላር ተብለው የሚጠሩት፣ ሆርሞን ከሚሠሩት ሴሎች የሚነሡት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክብ ክብ ከረጢት ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ድፍን ሆነው ያድጋሉ፣ ብዙዎቹ ሁለቱን ይቀላቅላሉ።

ከእነዚህ ውጭ ሜዱላሪ የሚባል አለ። የሚነሣው ሲ ሴል ከሚባሉት ነው፤ እነዚህ ሴሎች በታይሮይድ ውስጥ ይኑሩ እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ካልሲቶኒን የሚባለውን፣ የካልሲየምን ነገር የሚመለከተውን ሆርሞን ነው የሚያመነጩት። ችግሩ ድፍኑ ፎሊኩላር እና ሜዱላሪው በተለመደው የላቦራቶሪ ቀለም ሲታዩ መንትያ መምሰላቸው ነው። ጥሩ ፓቶሎጂስት (ሥጋን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) እንኳ በዓይኑ ብቻ ሊሳሳት ይችላል። የሚለያቸው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ነው፤ ይህ ማለት የተቆረጠው ሥጋ ላይ አንድን ፕሮቲን ብቻ መርጦ የሚይዝ ቀለም ማፍሰስ ነው። ታይሮግሎቡሊን የሚለው ቀለም ከያዘ ፎሊኩላር ነው። ካልሲቶኒን ከያዘና ታይሮግሎቡሊን ካልያዘ ሜዱላሪ ነው። ቲቲኤፍ 1 የሚባለው ሁለቱንም ሊይዝ ስለሚችል ከታይሮይድ መምጣቱን ይናገራል እንጂ አይለያቸውም። ሜዱላሪ በውሻ ላይ ብርቅ ነው ሲባል ኖሯል፤ በዚህ መንገድ ተጣርተው በታዩ ናሙናዎች ላይ ግን ድርሻው ከተገመተው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ከብርቅነቱ ከፊሉ ሳይመረመር የቀረ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ስሙን ማወቅ ምን ይፈይዳል? ብዙ። ሲ ሴሎች አዮዲን አይሰበስቡም፤ ስለዚህ ሜዱላሪ ካንሰርን በጨረራማ አዮዲን ለማከም መሞከር ገንዘብና ተስፋ ማቃጠል ነው። በሌላ በኩል ሜዱላሪው ብዙ ጊዜ ሽፋን ያለው፣ ለቀዶ ሕክምና የሚመች ሆኖ ይገኛል። ሌላው ዘር ነው። እርስ በርስ የሚዛመዱ የአላስካን ማላሙት ድቅል ውሾች ላይ ሜዱላሪ ካንሰር በቤተሰብ ሲወርድ ተመዝግቧል። ፎሊኩላሩም ቢሆን ከዘር ነፃ አይደለም፤ በኔዘርላንድ ጀርመን ሎንግሄርድ ፖይንተር በሚባሉ የአደን ውሾች ላይ በቤተሰብ የሚወርደው ካንሰር ቲፒኦ በተባለው ጂን ላይ ካለ ጉድለት ጋር ተያይዟል። ውሻ የሚያራባ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉም የከፉት አናፕላስቲክ እና ካርሲኖሳርኮማ የሚባሉት ናቸው። ጥቂት ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ የተነሡበትን ሥጋ ስለማይመስሉ ለመሰየምም ያስቸግራሉ።

«የእኔ የአገር ውሻ ነው፤ ይህ የፈረንጅ ውሻ በሽታ ነው»

ቦክሰር፣ ቢግል፣ ጎልደን ሪትሪቨር እና ሳይቤሪያን ሃስኪ ላይ በብዛት መታየቱ እውነት ነው። ድቅልም ሆነ የአገር ውሻ ግን አይቀርለትም፤ ዋናው ዕድሜ ነው፣ በብዛት ከ9 እስከ 11 ዓመት። የአገር ውሻ ላይ የማናየው ብዙዎቹ እዚያ ዕድሜ ሳይደርሱ ስለሚያልፉ፣ የደረሱትም አንገታቸውን የሚዳስስ ስለሌላቸው ይመስለኛል።

«ታይሮይድ ያለው አንገት ላይ ብቻ ነው፤ የደረት ራጅ ንጹሕ ከሆነም አልተሰራጨም»

ታይሮይድ በፅንስ ጊዜ ከምላስ ሥር ተነሥቶ ወደታች የሚወርድ እጢ ነው። ሲወርድ መንገድ ላይ ቁራሽ ጥሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ካንሰሩ ከምላስ ሥር ካለው አጥንት ጀምሮ እስከ ልብ ሥር ድረስ በየትም ቦታ ሊበቅል ይችላል። ከልብ ሥር ከሚገኙት እባጮች ጥቂቶቹ የታይሮይድ ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። ቴክኒሺየም በሚባል ጨረራማ ንጥረ ነገር የሚነሣው የኑክሌር ምስል ባለበት አገር እንዲህ ያለውን ስደተኛ ሥጋ ያሳያል።

ራጁን በተመለከተ፣ ሲነሣ በሦስት አቅጣጫ ይነሣ፤ አንድ ብቻ ከሆነ የሳንባ ነጥቦች ያመልጣሉ። ሲቲ ስካን ከራጅ ይልቅ ትንንሾቹን ያያል፤ እብጠቱ ደም ሥር፣ የአየር ቧንቧ ወይም የምግብ ቧንቧ ውስጥ መግባቱንም ይነግረናል። ጤነኛው ታይሮይድ አዮዲን ስለሚሰበስብ ያለ ምንም መድኃኒት ሲቲ ላይ ደምቆ ይታያል፤ ካንሰር የያዘው ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ ሲቲ ላይ የሚሰጠው አዮዲን ያለው ፈሳሽ እጢውን ለሳምንታት ስለሚያጠግበው፣ ጨረራማ አዮዲን ሊታሰብ የሚችል ከሆነ ከምስሉ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ሲቲ በማይገኝበት ቦታ ጥሩ አልትራሳውንድ፣ የአንገት ንፍፊቶች ናሙና እና ባለ ሦስት አቅጣጫ ራጅ ብዙ መንገድ ያስኬዳሉ።

«ሳንባ ከደረሰ በቃ፣ አርጅቷል፤ መመርመሩ ምን ትርፍ አለው?»

ሲገኙ ወደ ሌላ አካል የዘለቁት ከሲሶ ገደማ አይበልጡም። የዘለቁትም ቢሆኑ በሳምንት አያልቁም፤ የታይሮይድ ካንሰር ሳንባ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ አንገታቸው ላይ ያለው ታክሞላቸው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት የሚቆዩ አሉ። ውሻውን ቶሎ የሚያስጨንቀው ሳንባው ሳይሆን አየር የሚያሳጥረው የአንገቱ እብጠት ነው። ምንም ሕክምና ካልተደረገለት ግን ዕድሜው በጣም ሊያጥር ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሐኪሙ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ማወቁ ነው፤ ከዚያ ባለቤቱ ቀዶ ሕክምናም ይምረጥ፣ ጨረርም ይምረጥ፣ ማስታገሻ ብቻም ይምረጥ፣ አውቆ ይመርጣል። ማስታገሻን መምረጥ ነውር የለበትም።

«ከወጣ በኋላ እብጠቱን መመርመር ገንዘብ መጣል ነው»

የወጣው ሥጋ ባልዲ ውስጥ ከገባ፣ ከላይ የተባለው ልዩነት ሁሉ አብሮ ይጣላል። ፎሊኩላር ይሁን ሜዱላሪ፣ ጠርዙ ላይ ካንሰር ይቅር አይቅር፣ ደም ሥር ውስጥ ይግባ አይግባ የሚታወቀው ከዚያ ሥጋ ብቻ ነው።

ላቦራቶሪው ሩቅ ቢሆንም አይከፋም። 10 በመቶ ፎርማሊን፣ መጠኑ ከሥጋው 10 እጥፍ ሆኖ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ ይሁን። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ፎርማሊኑ መሀል ድረስ እንዲደርስ አንድ ሁለት ቦታ ይሰንጠቅ፤ ሐኪሙ ወገኑን ለመለየት ያሰረው ክር ግን የት እንደታሰረ ሳይጠፋ። ማቀዝቀዣ በረዶ ክፍል ውስጥ መክተት ሴሎቹን ስለሚሰነጥቅ አይሆንም። ከናሙናው ጋር የውሻው ዕድሜ፣ ዝርያ፣ እብጠቱ ግራ ይሁን ቀኝ፣ ተጣብቆ ይሁን ነፃ ሆኖ የተገኘ፣ የሆርሞን እና የካልሲየም ውጤቱ በጽሑፍ ይላክ። መልሱ «ድፍን የታይሮይድ ካንሰር» ብቻ ብሎ ቢመጣ፣ የካልሲቶኒን እና የታይሮግሎቡሊን ቀለም እንዲጨመር መጠየቅ ይቻላል፤ ሥጋው በሰም ብሎክ ሆኖ ስለሚቀመጥ ውሻውን እንደገና መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለቱም ወገን ወጥቶ ከሆነ ደግሞ መልሱ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም፤ ፓራታይሮይዶቹ፣ ማለትም ከታይሮይዱ ጋር ተጣብቀው ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትንንሽ እጢዎች፣ አብረው ሊወጡ ስለሚችሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሲየሙ በየዕለቱ ይለካ፤ ውሻው ፊቱን ደጋግሞ በእግሩ ካሻሸ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጡንቻው ከተሳሰረ በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ይመለስ።